ለሶፍትዌሩ ሙሉ ውክልና የሰጠው ማን ነው?

ኤኩዊፋክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥራው ሰዎች ብድር የመክፈል ልማዳቸው ምን እንደሚመስል መዝግቦ ለባንኮች መሸጥ ነው፡፡ በመሆኑም የአብዛኛውን አሜሪካዊ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በእጁ ይዟል፡፡ ይህ ኩባንያ በኢንተርኔት የከፈተው አንድ መስኮት ነበረው፡፡ «ስለ እኔ የተመዘገበው ስህተት ነው» የሚል ሰው ቅሬታውንና ማስረጃውን የሚያስገባበት ነው፡፡ በመሥሪያ ቤቶቻችን ደጃፍ ተሰቅሎ የምናውቀውን የቅሬታ ሳጥን በኤሌክትሮኒክስ መልክ ማሰብ ይበቃል፡፡

እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2017 ሰርጎ ገቦች በዚህ መስኮት ገቡ፡፡ ያስገባቸው አፓቺ ስትራትስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ የነበረ ክፍተት ነው፡፡ ገብተውም እዚያው አልቆሙም፡፡ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር የተቀመጠበት ፋይል አገኙ፤ በዚያም ከቅሬታው አገልግሎት ጋር ግንኙነት የሌላቸውን 48 የመረጃ ቋቶች ከፈቱ፤ 9,000 ያህል ጥያቄዎችን እያቀረቡ የሚፈልጉትን ቀዱ፡፡ ጥቃቱ የቆየው 76 ቀናት ነው፡፡ 147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃቸው ተወሰደ፡፡ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 ከተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ጋር በደረሰበት ስምምነት እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደደ፡፡

በወቅቱ የነበረው ክርክር በአብዛኛው ያተኮረው የክፍተቱ መጠገኛ በማርች ወር ወጥቶ ሳለ ለምን በጊዜው አልተጫነም በሚለው ላይ ነበር፡፡ ተገቢ ጥያቄ ነው፡፡ የሕግ ሰው የሚጠይቀው ግን ሌላም አለ፡፡ ለመሆኑ የቅሬታ ሳጥን 48 ካዝናዎች ዘንድ የሚያደርስ መንገድ ከየት አገኘ? ሰርጎ ገቡ እኮ አዲስ ሥልጣን አልፈጠረም፡፡ አገልግሎቱ ሊያነበው የሚችለውን ፋይል አነበበ፤ አገልግሎቱ ሊደርስበት ወደሚችለው ቦታ ሄደ፡፡ በሩን መስበሩ የእሱ ጥፋት ነው፤ ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው ሁሉ ክፍት ሆኖ መገኘቱ ግን የባለቤቱ ነው፡፡

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ከሰጠ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸው ሕግ በአንቀጽ 2204 ጠቅላላ ውክልና ለወኪሉ የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ የመሥራት ሥልጣን ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፡፡ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ በፍርድ ቤት ለመከራከር እና ለመሳሰሉት ግን በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፡፡ ልዩ ውክልና ደግሞ በአንቀጽ 2206 መሠረት ወኪሉን የሚያሠራው በውስጡ በተገለጹት ጉዳዮችና የእነርሱ ተፈጥሯዊ ተከታይ በሆኑት ላይ ብቻ ነው፡፡ ውልና ማስረጃ ሄዶ ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ የውክልና ሰነድ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ…» እያለ ለምን እንደሚረዝም ያውቃል፡፡ ያልተጻፈው አልተሰጠምና ነው፡፡

በኮምፒዩተር ውስጥ ያሉ አገልግሎቶችም ወኪሎች ናቸው፡፡ ድረ ገጽ የሚያቀርበው፣ ኢሜይል የሚያመላልሰው፣ የመረጃ ቋት የሚከፍተው፣ ሰዓት የሚያስተካክለው፣ ሁሉም ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ሌት ተቀን በባለቤቱ ስም የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው፡፡ በተለመደው አሠራር የአንድ ፕሮግራም ሥልጣን የሚለካው በማን ስም እንደሚሠራ በማየት ነው፡፡ በዚያ ተጠቃሚ ስም ሊከፈት የሚችለውን ፋይል ሁሉ ይከፍታል፤ ሊደውልበት የሚችለው አድራሻ ሁሉ ይደውላል፡፡ ፋይሉን ማን እንዲያየው የሚወስነው ደግሞ የፋይሉ ባለቤት ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይነሳል፡፡ አገልግሎቱ የሚሠራው የበላይ በሆነው፣ ባለሙያዎቹ «ሩት» በሚሉት ስም ከሆነማ ለእሱ የተዘጋ በር የለም፡፡ በሕግ ቋንቋ ስንተረጉመው ይህ ገደብ የሌለው ውክልና ነው፡፡

የዚህ መዘዝ የታየው ቀደም ብሎ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚዛመት ፕሮግራም ለቀቀ፡፡ ፕሮግራሙ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ሴንድሜይል የተባለው የኢሜይል አገልግሎት ነበር፤ ሌላው ፊንገር የተባለው ነው፡፡ የፊንገር ሥራ እጅግ ቀላል ነበር፤ «እገሌ የተባለው ተጠቃሚ አለ ወይ?» ሲባል መመለስ፡፡ ሞሪስ ግን ከሚጠበቀው በላይ የረዘመ ጽሑፍ በመላክ ይህ አገልግሎት ጨርሶ የተለየ ሥራ እንዲሠራ፣ ማለትም ትዕዛዝ መቀበያ ከፍቶ ሌላ ፕሮግራም ከሌላ ኮምፒዩተር እንዲያመጣ አደረገው፡፡ በኢንተርኔቱ ላይ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች በሰዓታት ውስጥ ታነቁ፡፡

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፡፡ ሞሪስ በ1990 ጥፋተኛ ተብሎ የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ 400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር መቀጮ ተወሰነበት፡፡ በይግባኝ ካነሳቸው ክርክሮች አንዱ «በእነዚህ ኮምፒዩተሮች የመጠቀም ፈቃድ ነበረኝ፤ ቢበዛ ፈቃዴን አልፌያለሁ እንጂ ያለ ፈቃድ አልገባሁም» የሚል ነበር፡፡ የሁለተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1991 ክርክሩን ውድቅ ሲያደርግ የተጠቀመበት መለኪያ የሚያስደንቅ ነው፡፡ ሞሪስ ሴንድሜይልንና ፊንገርን የተጠቀመባቸው ከተሠሩበት ዓላማ ጋር ግንኙነት በሌለው መንገድ ስለሆነ ያለ ፈቃድ እንደገባ ይቆጠራል አለ፡፡

ዳኞቹ በነገሩ ውስጥ ያዩት ትክክለኛውን ነገር ነው፡፡ እያንዳንዱ አገልግሎት የተሠራበት ዓላማ አለው፤ ከዚያ መውጣት ጥፋት ነው፡፡ ችግሩ ዳኛ ይህን የሚለው ጉዳቱ ከደረሰ ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው፡፡ ማሽኑ ራሱ የተሠራበትን ዓላማ ቢያውቅና ከዚያ የወጣውን እዚያው በዚያው ቢከለክልስ? (በነገራችን ላይ የተከሳሹ አባት በዚያን ወቅት የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ፣ ማለትም ኤንኤስኤ፣ የኮምፒዩተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበሩ፡፡ ይህንን ያነሳሁት ለሐሜት አይደለም፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ያስፈልገናል፡፡)

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፡፡ ጀምስ አንደርሰን በ1972 ለአሜሪካ አየር ኃይል ባቀረቡት ጥናት እያንዳንዱን የመዳረስ ጥያቄ ሳያሳልፍ የሚመረምር፣ ማንም ሊነካካው የማይችል፣ ትክክለኛነቱም ሊረጋገጥ የሚችል ትንሽ ዘበኛ በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንዲቀመጥ ጠይቀው ነበር፡፡ የመከላከያ ሚኒስቴሩም በሰማንያዎቹ ዓመታት ባወጣው መመዘኛ የመዳረሻ ቁጥጥርን በሁለት ከፈለው፤ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ እና አስገዳጅ በማለት፡፡ የሕግ ተማሪ ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቀዋል፡፡ ተዋዋዮች በስምምነታቸው ሊለውጡት የሚችሉት ፈቃጅ ድንጋጌ አለ፤ ቢስማሙም ባይስማሙም የሚገዛቸው አስገዳጅ ድንጋጌ አለ፡፡ በአስገዳጁ ቁጥጥር ሥር የፋይሉ ባለቤት ቢፈቅድም፣ አገልግሎቱ በሩት ስም ቢሠራም፣ ፖሊሲው ካልፈቀደ አይሆንም፡፡

ይህን ከወታደራዊ ሠፈር አውጥቶ ለሁሉም ያደረሰው ደግሞ ራሱ ኤንኤስኤ ነው፡፡ በዲሴምበር 2000 ኤስኢሊኑክስ የተባለውን ሥራውን ከነምንጭ ኮዱ ለሕዝብ ለቀቀ፡፡ በ2003ም የሊኑክስ ከርነል አካል ሆነ፡፡

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከተው፡፡ ኤስኢሊኑክስ በማሽኑ ውስጥ ላለው ነገር ሁሉ፣ ለሚሠራው ፕሮግራምም ለተቀመጠው ፋይልም፣ የመለያ ምልክት ይለጥፋል፡፡ የድረ ገጹ አገልግሎት የራሱ ምልክት አለው፡፡ ለሕዝብ የሚቀርቡ ገጾች ሌላ ምልክት አላቸው፡፡ የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት ፋይል ደግሞ ሌላ፡፡ ፖሊሲው «የዚህ ምልክት ባለቤት የዚያን ምልክት ባለቤት ያንብብ፣ ይጻፍ፣ ያስነሳ» እያለ የሚዘረዝር ነው፤ በዝርዝሩ ያልተገኘ ሁሉ ክልክል ነው፡፡ የድረ ገጽ አገልግሎቱ ገጾቹን ያነባል፡፡ የይለፍ ቃሉን ፋይል ልንካ ቢል ከርነሉ ይከለክለዋል፤ በማን ስም እንደሚሠራ አይጠይቀውም፡፡ በሬድ ሃት ሲስተሞች ላይ ከፋብሪካው በሚመጣው ፖሊሲ የድረ ገጽ አገልግሎት ጥያቄ ይቀበላል እንጂ ራሱ ተነስቶ ወዳሻው ሌላ ማሽን መደወል እንኳ አይችልም፤ ያን የሚፈልግ አስተዳዳሪ አውቆ፣ ለይቶ መፍቀድ አለበት፡፡ የቅሬታ ሳጥኑንና 48ቱን ቋቶች እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል፡፡ የኤኩዊፋክስ አገልግሎት ይሠራ የነበረው በሊኑክስ ላይ አልነበረም፤ የጎደለው ግን ይኸው አጥር ነው፡፡

«ያልተፈቀደ ሁሉ ክልክል ነው» የሚለው መርህ ለነፃነት ወዳዱ ጆሮ ሊከብድ ይችላል፡፡ ለዜጋ ከሆነ በእርግጥም ከባድ ነው፤ ዜጋ በሕግ ያልተከለከለውን ሁሉ የማድረግ መብት አለው፡፡ ለባለሥልጣን ግን መርሁ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕግ ያልሰጠው ሥልጣን የለውም፡፡ የአስተዳደር ሕግ በሙሉ የቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው፡፡ አገልግሎት የሚሰጥ ፕሮግራም ደግሞ ዜጋ ሳይሆን ሹም ነው፡፡ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር ሹምን በጨዋነቱ ብቻ ማመን እንደማያዋጣ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም፡፡

ይሁንና ጥሩ ሕግ ሁሉ ወዲያው አይከበርም፡፡ በ2004 ፌዶራ ኮር 2 የተባለው የሊኑክስ እትም ሲዘጋጅ የተሞከረው ፖሊሲ ሁሉንም ነገር፣ ተጠቃሚውን ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ለማሠር የሞከረ ጥብቅ ፖሊሲ ነበር፡፡ ሰዎች የለመዱት ሥራ ሁሉ እየተከለከለ አስቸገራቸው፤ በመጨረሻ እትሙ የወጣው ቁጥጥሩ በመነሻው ጠፍቶ ነው፡፡ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ፌዶራ ኮር 3 ሲመጣ አዘጋጆቹ አካሄዳቸውን ለወጡ፡፡ ከውጭ ዓለም ጋር የሚነጋገሩትን ጥቂት አገልግሎቶች፣ የድረ ገጹን፣ የስም ፍለጋውንና የሰዓት ማስተካከያውን የመሳሰሉትን፣ ለይተው አሠሩ፤ ሌላውን ለቀቁት፡፡ ይኸው ፖሊሲ በ2005 ወደ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 4 ገባ፤ ከዚያ ወዲህም በየእትሙ የታሠሩት አገልግሎቶች ቁጥር እየጨመረ ሄደ፡፡ አንድሮይድም ያደረገው ይህንኑ ነው፡፡ በ2013 በወጣው 4.3 እትም ቁጥጥሩ ይታዘብ ነበር እንጂ አይከለክልም፤ በ4.4 ጥቂቶቹን መከልከል ጀመረ፤ ከ2014ቱ 5.0 ጀምሮ ሁሉንም ያዘ፡፡ ስለዚህ ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው አንድሮይድ ስልክ አጥሩ ተከብሮ የሚሠራ ነው፡፡

ገንዘባችንና ማንነታችን የተቀመጠባቸው ሰርቨሮችስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያሳስበው፡፡

ኤስኢሊኑክስ የሚሠራባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ፡፡ አንደኛው ኢንፎርሲንግ ይባላል፤ ፖሊሲውን ያስፈጽማል፡፡ ሁለተኛው ፐርሚሲቭ ነው፤ ጥሰቱን ይመዘግባል እንጂ አያግድም፡፡ ሦስተኛው አማራጭ ጨርሶ ማጥፋት ነው፡፡ የሲስተም አስተዳዳሪ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሄድ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ትዕዛዝ ነው፡፡ አዲስ ሶፍትዌር ተጭኖ አልሠራ ሲል፣ አለቃ ከኋላ ቆሞ «መቼ ነው የሚከፈተው?» ሲል፣ እጅ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም፡፡ ጥፋቱን የአስተዳዳሪው ብቻ ማድረግም ፍትሐዊ አይደለም፡፡ የብዙ ሶፍትዌር አቅራቢዎች የመጫኛ መመሪያ ገና ከመነሻው «ኤስኢሊኑክስን ያጥፉ» ይላል፡፡ በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ የሆነው ኩበርኔቲስ እንኳ በመጫኛ መመሪያው ለሬድ ሃት ቤተሰብ ሲስተሞች ፐርሚሲቭ ማድረግን ከቅድመ ዝግጅቶቹ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠ ነው፡፡ ለምርቱ ፖሊሲ መጻፍ የአቅራቢው ሥራ ነበር፤ ቀላሉ ግን ደንበኛው አጥሩን እንዲያፈርስ መንገር ነው፡፡

በሥራ አጋጣሚ ያየኋቸው የሶፍትዌር አቅርቦት ውሎች ስለ ክፍያ መርሐ ግብር፣ ስለ መዘግየት መቀጫ፣ ስለ ሥልጠናና ስለ ርክክብ ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፡፡ ስለ ደኅንነት የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ «ሲስተሙ ተቀባይነት ባላቸው ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የተጠበቀ ይሆናል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፡፡ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስ ለሁለቱም ወገን ጠበቃ እንጀራ ነው፡፡ ርክክቡ የሚፈረመው ሲስተሙ «ይሠራል» ሲባል ነው፤ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደሚሠራ የሚጠይቅ መስመር በቅጹ ላይ የለም፡፡

ጊዜው ደግሞ የሚያሳስብ ጊዜ ነው፡፡ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የጣት አሻራችንና የዓይን ምስላችን በአንድ አገራዊ ሥርዓት እየተሰበሰበ ነው፡፡ ባንኮች፣ ቴሌኮሙና ሌሎች አገልግሎት ሰጪዎች ከእሱ ጋር እየተሳሰሩ ነው፡፡ የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ አሻራ ግን አይለወጥም፡፡ በሌላ በኩል የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዳታ የሚይዙ ተቋማት ተገቢ የሆኑ ቴክኒካዊና አስተዳደራዊ እርምጃዎችን እንዲወስዱ ግዴታ ጥሎባቸዋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፡፡ «ተገቢ» የሚለው ቃል ሆን ተብሎ የተተወ ክፍት ቃል ነው፡፡ ይህ ጸሐፊ ሕግ አውጪውን በዚህ አይወቅስም፤ አዋጅ የሶፍትዌር ስም እየጠራ ቢጽፍ በአምስት ዓመት ውስጥ ያረጃል፡፡ ነገር ግን ክፍት ቃል የሚሞላው በመመሪያ፣ በምርመራ ልማድና በፍርድ ነው፡፡ የመጀመሪያው ከባድ ክስ እስኪመጣ ከተጠበቀ የሚሞላው በጉዳት ነው፡፡

ክሱ በመጣ ጊዜ ስለሚሆነው አንድ ነገር ልበል፤ የተቋማት የሕግ አማካሪዎች ቢያስቡበት ይበጃል፡፡ ፐርሚሲቭ ሁኔታ ላይ ያለ ማሽን ጥሰቱ ሲፈጸም በመዝገቡ ላይ «ተከልክሏል» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ ያሳልፈዋል፡፡ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የትኛው አገልግሎት የትኛውን ፋይል እንደነካ፣ ማሽኑም በወቅቱ ፐርሚሲቭ እንደነበረ ጭምር በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል፡፡ ይህ መዝገብ በተቋሙ እጅ፣ በተቋሙ ማሽን የተጻፈ ነው፡፡ «አናውቅም ነበር» የሚለውን መከላከያ ከዚህ መዝገብ ጋር አብሮ ለዳኛ ማቅረብ ድፍረት ይጠይቃል፡፡ ዘበኛው ሌባው ሲያልፍ አይቶ ስሙን በደብተር ጽፏል፤ እንዳያግደው ግን በጽሑፍ ታዟል፡፡ በእኔ አስተያየት ይህ ከተራ ቸልተኝነት ያለፈ ነው፡፡

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች መነሳታቸው አይቀርም፡፡ አንደኛው «የስለላ ድርጅት የሠራውን ቁልፍ በራችን ላይ እንድንሰቅል ነው ወይ የምትለን?» የሚል ነው፡፡ ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 ካወጣው በኋላ ኤንኤስኤን የሚያምን ሰው ካለ የዋህ ነው፡፡ ነገር ግን ኮዱ ከ2000 ጀምሮ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ላለፉት ሁለት አሥርት ዓመታትም በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ሆኖ ከድርጅቱ ውጪ ያሉ ባለሙያዎች ሲያነቡትና ሲያሻሽሉት ኖረዋል፡፡ አሁንም ቅር ካለን አፕአርሞር የተባለ ሌላ መንገድ አለ፤ ኡቡንቱ የሚጠቀመው እሱን ነው፡፡ ለመጠርጠር መብት አለን፡፡ ጠርጥሮ አጥር አልባ መሆን ግን ጥንቃቄ አይባልም፡፡

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ክብደት አለው፡፡ አስገዳጅ ቁጥጥር ሁሉን አያድንም፡፡ መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን እናስታውሳለን፤ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ አውጥተዋል፤ ባንኩ የገለጸው መጠን ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፡፡ ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ማሻሻያ ሲደረግ የተፈጠረ ችግር መሆኑን አስታውቋል፡፡ እንዲህ ያለውን ነገር ኤስኢሊኑክስ አያቆመውም፤ አገልግሎቱ ገንዘብ የመክፈል ሥልጣን በሕጋዊ መንገድ ተሰጥቶታልና፤ ስህተቱ የተፈጸመው በውክልናው ውስጥ ነው፡፡ ራሱ ዘበኛው የተቀመጠበት ከርነል ክፍተት ሲኖርበትም አጥሩ ሊዘለል ይችላል፡፡ ፖሊሲውን የሚጽፈው ሰው ሰንፎ ሁሉን ፈቅዶ ከጻፈውም ያው ሙሉ ውክልና ነው፤ ማኅተሙ ብቻ ያማረ፡፡ እነዚህ እውነት ናቸው፡፡ ግን ጥያቄው አንድ አገልግሎት ሲጠለፍ ጉዳቱ በዚያው አገልግሎት ይቆማል ወይስ ቤቱን ሙሉ ያዳርሳል የሚለው ነው፤ ለእሱ እስካሁን የተሻለ መልስ አልተገኘም፡፡

ምን ይደረግ? ፌዶራ በ2004 የተማረውን መቅሰም ነው፡፡ ሁሉንም ማሽን በአንድ ሰርኩላር ማሠር አይቻልም፤ ቢሞከር በሳምንቱ ተመልሶ ይጠፋል፡፡ ከውጭ የሚነጋገሩትንና የግል ዳታ የሚነኩትን አገልግሎቶች ማስቀደም ይቻላል፡፡ የሚያስቸግር አንድ አገልግሎት ቢኖር እሱን ብቻ ለይቶ ለተወሰነ ጊዜ ፐርሚሲቭ ማድረግ፣ በመዝገቡ የሚታየውን እያዩ ፖሊሲውን ማረም፣ ከዚያ መልሶ ማሠር ይቻላል፤ ቀሪው ማሽን በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደታሠረ ይቆያል፡፡ በጨረታ ሰነድ ላይ «ሶፍትዌሩ አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር በሥራ ላይ ባለበት ሁኔታ እንዲሠራ ሆኖ ይቀርባል፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን ፖሊሲ አቅራቢው ያቀርባል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ወጪው የቀለም ነው፡፡ ባለሥልጣኑም «ተገቢ እርምጃ» የሚለውን በመመሪያ ሲዘረዝር ቁጥጥሩን ማጥፋት በጽሑፍ ምክንያትና በኃላፊ ፊርማ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ይችላል፤ ልዩ ውክልና ያለ ጽሑፍ እንዲሰጥ የማንፈቅድ ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም፡፡

ለቦርድ አባላትና ለውስጥ ኦዲተሮች ደግሞ ባለሙያ መሆን እንኳ አይጠበቅባቸውም፡፡ በሬድ ሃት ሰርቨር ላይ «ጌትኢንፎርስ» የሚል አንድ ትዕዛዝ አለ፡፡ አስተዳዳሪው አጠገባቸው ቆሞ ይጽፈዋል፤ ማሽኑ በአንድ ቃል ይመልሳል፤ ኢንፎርሲንግ፣ ፐርሚሲቭ ወይም ዲሴብልድ፡፡ የሚቀጥለው የኦዲት ሪፖርት የግል ዳታ ለሚይዝ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ይህችን አንድ ቃል፣ ከተጠየቀችበት ቀንና ሰዓት ጋር፣ መዝግቦ ቢያቀርብ ከአሁኑ ወፍራም ሪፖርቶች የበለጠ ይነግረናል፡፡